አናርኩል ኤጄና አራቱ ቢላዋዎቻቸው

አናርኩል ኤጄ ካራኮል ከተማ ውስጥ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ወጥ ሠርተዋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጆቻቸው «አሁንስ ይረፉ» ቢሏቸው፣ «ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ልዋል?» ብለው ወደ ተራራ ወጡ። እኔም የተዋወቅኳቸው እዚያ ነው። ስሜ ሳግን ነው፤ የጭነት ፈረስ ነጂ ነኝ። የእኛ በጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ በመጣ ቁጥር ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ድንኳን አስጭነው ተራራውን በስድስት በሰባት ቀን ያቋርጣሉ። ፈረሱንም፣ መንገድ መሪውንም፣ ወጥ ሠሪዋንም የሚያቀርበው አስጎብኚ ድርጅታችን ነው። ከአናርኩል ኤጄ ጋር ስድስት በጋ አብረን ወጥተን ገብተናል። ቤተሰቤ እንኳ የእጃቸውን ጣዕም በወሬ ያውቀዋል፤ «ኤጄ» በእኛ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ትልቋን እህቴን ከምጠራት በላይ እሳቸውን «ኤጄ» ብዬ ጠርቻለሁ።

ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ ነው። እርጥብ እንጨት ያመጣላቸውን ሰው እሳቱ እስኪያያዝ ድረስ ሲሰድቡት ይቆዩና የመጀመሪያውን ሻይ የሚቀዱት ለዚያው ሰው ነው። ደመናውን ሲያማርሩ፣ ድስቱን ሲያማርሩ፣ እኔን ሲያማርሩ ይውላሉ፤ ምግባቸው ግን አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም ነበር።

አራት ቢላዋ ነበራቸው፤ በወፍራም ሸራ ጠቅልለው ነው የሚይዟቸው። አንደኛው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ከባድ የስጋ ካራ ነው። ሁለተኛው እንደ መዳፍ የሰፋ፣ ስለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ የሊጥ መቁረጫ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ይዘውት የወጡት ብቸኛ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ለሽንኩርትና ለድንች የሚሆን ትንሽ ቢላዋ ነው። አራተኛው ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ያለው የገበያ ርካሽ ነው። ስለ እሱ ሲጠየቁ «ይሄ የሰው ነው» ይሉ ነበር። ገመድ ልቁረጥበት፣ ቆርቆሮ ልክፈትበት፣ ከጫማዬ ጭቃ ልፋቅበት እያለ ለሚመጣው ሁሉ የሚሰጡት ያንን ነው። ሌሎቹን ሦስቱን ማንም አይነካም።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ አዲስ ኃላፊ መጣለት። ማክሳት ይባላል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዋና ከተማ ሄዶ ስለ ቱሪዝም ተምሯል። ክፉ ልጅ አይደለም። ነገር ግን የሚንጠለጠል ሚዛን ገዝቶ በየማለዳው ግቢው በር ላይ ይቆማል። ለአንድ ጉዞ አራት የነበሩትን የጭነት ፈረሶች ሁለት አድርጎ፣ ምን እንደሚጫን በወረቀት ጻፈ። በሐምሌ መጀመሪያ ስምንት እንግዶች ይዘን ልንወጣ ስንል አናርኩል ኤጄ የሸራ ጥቅላቸውን ከወጥ ቤቱ ሣጥን ላይ አስቀመጡ። ማክሳት ፈታው።

«ኤጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢላዋ ነው። አይተህ አታውቅም?»

«አራት?»

«አራት።»

«ዝርዝሩ እኮ ቢላዋ አንድ ነው የሚለው።»

«ዝርዝሩን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ዝርዝሩ ያብስል።»

እኔ ሳቅሁ። ማክሳት ዞር ብሎ ሲያየኝ የፈረሱን መቀነት ወደ ማጥበቅ ተመለስኩ። እሱ ጥቅሉን ሚዛኑ ላይ ሰቀለውና «አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ! ለቢላዋ ብቻ!» አለ።

«እነዚያ ታጣፊ ወንበሮችስ ስንት ይመዝናሉ?»

«እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ኤጄ።»

«እኔስ? በጥርሴ ልቁረጥ?»

«አንድ ጥሩ ቢላዋ ሁሉንም ይቆርጣል። ፈረሰኞች ድሮ በአንድ ቢላዋ አልነበር አገር የሚያቋርጡት?»

«እነሱ ለስምንት ሰው ሊጥ አይቆርጡም ነበር። ስማኝ ማክሳት፣ በስጋ ካራ ሊጥ ብቆርጥ ሊጡ ይቀደዳል። በሊጥ ቢላዋ አጥንት ብመታ ስለቱ ይሄዳል። ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።»

«እሺ፣ ቀዩስ? ቀዩ ለምንድን ነው?»

«ለሰው።»

«ለሰው ተብሎ ቢላዋ ይጫናል እንዴ? ሰው የራሱን ይያዝ!»

ክርክሩ ረዘመ። ፀሐይ ግንቡን ዘልላ ግቢው ውስጥ ገባች፤ እንግዶቹ ቦርሳቸውን አዝለው ቆመዋል፤ ፈረሶቹ መሬት እየቆፈሩ ነው። በመጨረሻ ማክሳት «ሁለት፤ ከዚያ በላይ አልችልም» አለ። አናርኩል ኤጄ ሸራው ላይ አጎንብሰው አንዱን ያነሣሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ፣ ሌላውን ያነሣሉ። ከአራት ልጅ ሁለቱን ምረጪ የተባሉ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ሙቀቱ ሳይበረታ መውጣት ስለፈለግሁ ጣልቃ ገባሁ።

«ኤጄ፣ ስጋውን በእኔ ቢላዋ ይቁረጡ። ኮርቻዬ ላይ ካለው ከረጢት ውስጥ አለ።»

«አለ?»

«አለ።»

ከረጢቱን ግን አልከፈትኩትም። የሊጡንና ትንሹን ያዙ። ካራውና ቀዩ ማክሳት ቢሮ መደርደሪያ ላይ ቀሩ።

በመጀመሪያው ቀን ጥዱ ሥር፣ ወንዝ ዳር ሰፈርን። ከእንግዶቹ አንዱ ቮልከር የሚባል፣ እንደ ምሰሶ የረዘመ ጡረተኛ ጀርመናዊ ነበር። ድንኳኑን እንደተከለ አንድ ጨርቅ መሬት ላይ አነጠፈና አምስት ቢላዋ ደረደረበት፤ እያንዳንዱ የየራሱ የቆዳ ሰገባ አለው። መንገድ መሪያችን አይፔሪ ቋንቋውን ታውቃለችና ጠጋ ብላ አነጋገረችው። ከዚያ እየሳቀች ወደ እኛ መጣች።

«ኤጄ፣ ለዚህ ጉዞ ስንት ቢላዋ ልያዝ ብሎ ሁለት ወር አሰበበት አሉ። መጀመሪያ ሰባት ነበሩ፤ በብዙ ጭንቅ ነው ወደ አምስት ያወረድኳቸው ይላል።»

አናርኩል ኤጄ ድንች እየላጡ ነበር። «ንገሪው፣ እኔ ሁለት ወር አልተሰጠኝም» አሉ።

በዚያው ምሽት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ አንዲት እንግዳ የሣርዲን ቆርቆሮ ይዛ መጣች፤ የመክፈቻው ቀለበት ተነቅሎባታል። አናርኩል ኤጄ ቆርቆሮውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ ትንሹን ቢላዋ ሰጧት። እንግዳ ናት፤ ምን ይበሉ? ቢላዋው ሲመለስ ጫፉ የጥፍር ያህል ተሰብሯል። አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ መስለው ግን ለእኔ፣ «ቀዩ አሁን የት ነው?» አሉ።

«ማክሳት መደርደሪያ ላይ ነው፣ ኤጄ።»

«አይ፣ እዚያ ላይ ያምርበታል።»

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አንዱ እንግዳ የድንኳን ገመድ ሊቆርጥ ያንኑ ጫፈ ሰባራ ወሰደ። ከዚያ ድንኳኑ ተጣጠፈ፣ ፈረሱ ተጫነ፣ ሁሉም ሄደ። ቢላዋው እንደቀረ ያወቅነው ቀትር ላይ ሽንኩርት ሲከተፍ ነው። ሰውየው ኪሱን ሁሉ ገለበጠ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ሣር ላይ አስቀምጬው ነበር አለ። የሁለት ሰዓት መንገድ ወደ ኋላ ለሽንኩርት ቢላዋ ማን ይመለሳል? አናርኩል ኤጄ ሽንኩርቱን በሰፊው የሊጥ ቢላዋ ከተፉ፤ ሲጨርሱ አጥበው፣ አድርቀው፣ በሽርጣቸው ጠቅልለው ከጀርባ ቦርሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን እንኳ አላመኑትም።

እኔም በዚያው ቀትር የኮርቻ ጠፍር ላስተካክል ከረጢቴን ከፈትኩ። የኮቴ መጥረጊያ፣ የተጠቀለለ ሲባጎ፣ ሁለት ከረሜላ። ቢላዋ የለም። ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ከሳምንት በፊት ለባለቤቴ ወንድም ድርቆሽ ስናስር የበረቱ ምሰሶ ላይ እንደሰካሁት ቀርቷል። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከረጢቱን ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ስድባቸውን ፈራሁ።

ሦስተኛው ቀን የቤሽባርማክ ቀን ነበር። ማክሳት በፕሮግራሙ ላይ «የእረኞች ግብዣ» ብሎ በትልቁ ጽፎታል። በቀጭኑ የተቆረጠ ሊጥ ይቀቀላል፣ በላዩ የበግ ስጋ ደቅቆ ይነሰነሳል፣ መረቅ ይፈስበታል። ጠዋት ካለፍንበት የእረኞች ሰፈር የግማሽ በግ ስጋ ይዘን፣ ከሰዓት በኋላ ከተራራው መተላለፊያ ሥር ሰፈርን። ዝናብ ጀመረ። ስጋው በስሎ ከድስት ወጣ፤ ሊጡም ተዳምጦ ተዘረጋ።

«ሳግን፣ ቢላዋህን አምጣ።»

«ኤጄ...»

«አምጣ እንጂ፣ ስጋው ይቀዘቅዛል።»

«ኤጄ፣ ቤት ረስቼዋለሁ።»

እጃቸው ሊጡ ላይ ቆመ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«አለ ስትለኝ አይተኸው ነበር?»

«አላየሁም።»

«እህ» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ሥራ አልረሳውም። ሊጡን ይቆርጣሉ፤ ቢላዋውን አጥበው ስጋውን ይከትፋሉ፤ መልሰው አጥበው፣ ስቡ እንዲለቅ በትኩስ ውኃ አጥበው፣ ሽንኩርቱን፤ ደግሞ ሊጡን። ሌላ ጊዜ እሳቸው ሊጥ ሲቆርጡ እኔና አይፔሪ ስጋውን ስለምናደቅቅ በአንድ ላይ ነው የሚያልቀው። አሁን ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን ቆመን እናያለን። ሊጡ ስጋ ስጋ ሸተተ፤ ስጋው ላይ ዱቄት ተለጠፈ። ቀጥ ያለው ቢላዋ አጥንት ባገኘ ቁጥር አናርኩል ኤጄ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። እንግዶቹ በትልቁ ድንኳን ውስጥ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

አይፔሪ አልቻለችም፤ ሄዳ ቮልከርን ለመነችው። ሰውየው ደስ ብሎት ጨርቁን እንደያዘ መጣ። ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ እያሳየ ማስረዳት ጀመረ፣ እሷም ትተረጉማለች። «ይሄ ለእንጨት ብቻ ነው ይላል። ይሄ ለዓሣ ነው። ይሄኛው ውኃ ከነካው ስለሚዝግ እስካሁን ተጠቅሞበት አያውቅም። ይሄን ደግሞ ጓደኛው ነው የሠራለት፣ ማስታወሻ ነው።» አምስተኛው ሰንጢ ነበር። እሱን ከፍቶ በሁለት ጣቱ ይዞ ሰጣቸው።

ሰጣቸው እንጂ አልሄደም፤ አጠገባቸው ቆመ።

«ኤጄ፣ ወደ አውራ ጣትዎ አይቁረጡ ይላል።»

«እሺ በይው።»

«አጥንት እንዳይነኩበት ይላል።»

«እሺ።»

«ሽንኩርት ከቆረጡበት ወዲያው ይጠረግ ይላል፣ ብረቱን ይበላዋል።»

አናርኩል ኤጄ ሰንጢውን ጠረጉት፣ አጠፉት፣ በሁለት እጃቸው አክብረው መለሱለት። «ንገሪው፣ በጣም የሚያምር ቢላዋ ነው። ሥራ ስላልለመደ ግን እንዳይደክመው» አሉ። አይፔሪ ምን ብላ እንደተረጎመችው አላውቅም፤ ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። እራቱ አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። በስድስት በጋ የመጀመሪያው ነበር።

ዝናቡ እስከ ንጋት አላቋረጠም። በአራተኛው ቀን ከመተላለፊያው ወርደን ወንዙ ጋ ስንደርስ ደፍርሶ ሞልቷል። እንግዶቹና አይፔሪ በግንድ ድልድዩ ተሻገሩ፤ ፈረስ ግን በግንድ አይሄድም። ሁለቱን የጭነት ፈረሶች በአንድ ገመድ አያይዤ፣ እኔ በራሴ ፈረስ ቀድሜ ገባሁ። መሐል ላይ ስንደርስ የኋለኛው ቀዩ ፈረስ ቶሩ የሚንከባለል ድንጋይ ረግጦ በጎኑ ወደቀ። ገመዱ የፊት እግሩን ጠመጠመና በቋጥኝ ሥር ገባ። የፊተኛው ፈረስ ደንግጦ ወደ ፊት ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር የቶሩ ራስ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ዘልዬ ወረድኩ፤ ውኃው ወገቤ ደረሰ። ቋጠሮው ርሶ፣ ተወጥሮ ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ። «ቢላዋ! ቢላዋ!» ብዬ ጮህኩ። ማዶ ቮልከር ቦርሳውን ሣር ላይ ዘርግፎ ልብስ እየወረወረ ይፈልጋል፤ አምስቱም ቢላዋ ከታች፣ ከሁሉም ዕቃ ሥር ናቸው። ወደ ኋላ ስዞር አናርኩል ኤጄ በፕላስቲክ ቦቲያቸው ወንዙ ውስጥ ናቸው። ገና በግንዱ አልተሻገሩም ነበር። አንድ እጃቸው የቶሩን ጭነት ይዟል፤ በሌላው እጃቸው የሊጡ ቢላዋ አለ።

«ያዝ!»

ተቀብዬ ገመዱን መገዝገዝ ጀመርኩ። ለገመድ የተሠራ ስለት አይደለም፤ ይንሸራተታል። ግማሹ ተበጠሰ፤ ቢላዋው ቋጥኙን ሲመታ ድምፁን ሰማሁ። አንዴ ደግሜ ስስብ ገመዱ ተፈናጥሮ እጄን ገረፈኝና ቢላዋው ከእጄ ወጥቶ ደፍራሹ ውኃ ውስጥ ገባ። ቶሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሣ፣ ጭነቱን እያንጠባጠበ ዳር ወጣ። ጉልበቱ ላይ ቆዳው ተልጧል፤ እግሩ ግን ደህና ነው። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ውኃ ገብቶታል።

አናርኩል ኤጄ ዳር ላይ ቆመው ውኃውን አዩት።

«ኤጄ፣ ልፈልገው?»

«የት ነው የምትፈልገው? ይሄኔ ወንዙ የሚገባበት ሐይቅ ደርሷል።» ከቦቲያቸው ውስጥ ውኃውን ደፉ። «ፈረሱ ተነሥቷል። በቃ፣ ልብስህን ጭመቅ።»

ቮልከር በሁለት እጁ ሁለት ቢላዋ ይዞ እየሮጠ በግንዱ ላይ መጣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሁለቱንም ለሁልጊዜ ይውሰዱ አላቸው። እሳቸው ያንን የዓሣውን ወስደው ለቀሩት ሁለት ቀናት ሠሩበት። በመጨረሻው ቀን አጥበው መለሱለት። «ለምን አልወሰዱትም?» ብላቸው «ሰውየው ሁለት ወር የተጨነቀበትን ልቀማው?» አሉኝ።

ከተመለስን በሦስተኛው ቀን ማክሳት ወደ ግቢው ጠራን። ስልኩን ይዞ ቆሟል። ቮልከር በኢንተርኔት ላይ ስለ ጉዞው ጽፏል፤ ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቶናል። ወጥ ሠሪዋ ድንቅ ሴት ናቸው፣ ድርጅቱ ግን ሁለት ቢላዋ ብቻ አሲዞ ለስምንት ሰው አብስዪ ማለቱ ያሳፍራል ይላል። ሰውየው ሊጠቅማቸው ብሎ ነበር የጻፈው።

«ኤጄ፣ ለእንግዳ አቤቱታ ያቀርባሉ እንዴ?»

«ቋንቋውን አላውቅ፣ በምን ላቀርብ?»

«ታዲያ ከየት ሰማው? አራት እንደሚያስፈልግ በደንብ ቢያስረዱኝ እኮ...»

«በደንብ?» አሉ አናርኩል ኤጄ። «እዚሁ፣ እዚች ድንጋይ ላይ ቆሜ አልነገርኩህም?»

«ተናገሩ እንጂ አላስረዱኝም። የስጋ ቢላዋም አልነበረም ተብሏል። እሱ እንዴት ይሆናል? ሳግን ባይኬ ሁልጊዜ ቢላዋ አላቸው።»

እዚህ ታላቅ ወንድ በአክብሮት «ባይኬ» ይባላል፤ ይህን ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔ ግንቡን ተደግፌ ጠፍር በሞራ እያሸሁ ነበር። አናርኩል ኤጄም አዩኝ። አንዴ ብቻ ነው ያዩኝ፤ ግን አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ለመናገር በቂ ጊዜ ነበር። ሦስት ጉዞ ይቀራል፣ ከዚያ በረዶ ይገባል፣ ፈረስ ነጂ ደግሞ ሞልቷል። ይህን አሰብኩ። ጠፍሩ ላይ አጎነበስኩ።

እሳቸው ወደ ቢሮው ገቡ። ካራቸውንና ቀዩን ከመደርደሪያው አውርደው በጋዜጣ ጠቀለሉ።

«ኤጄ፣ ቅዳሜ እኮ ጉዞ አለ!»

በሩን ገፍተው ወጡ። በማግስቱ ማክሳት ደውሎ የፈለጉትን ያህል፣ አሥርም ቢሆን ይያዙ ብሏቸው ነበር። ስልኩን እንደዘጉበት ራሱ ነገረኝ፤ ሲነግረኝም ምን እንዳጠፋ የገባው አይመስልም ነበር። በምትካቸው የመጣችው ሴት ከፓኬት የሚዘጋጅ ሾርባ ታፈላለች፤ ቢላዋም አያስፈልጋትም።

አናርኩል ኤጄ አሁን ታች ሸለቆው ውስጥ፣ የአጎታቸው ልጅ በበጋ ከብት በምታውልበት ቦታ ለመንገደኛ ምግብ ያበስላሉ። መስከረም ላይ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዤ ሄድኩ። ከሱፍ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ካሮት ሲልጡ አገኘኋቸው።

«ኤጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ?»

«ቢላዋውን ስለረሳሁት።»

«እሱ ምንም አይደል። ሰው ይረሳል። ግቢው ውስጥ ግን አልረሳህም፤ እያወቅህ ነው ዝም ያልከው።»

ላስረዳ ፈለግሁ። ስለ ሦስቱ ጉዞ፣ ስለ ክረምቱ። እሳቸው ግን እንዳስረዳ አልጠበቁም፤ ተነሥተው ገብተው ትኩስ ስጋ ሳህን ሙሉ ይዘው ወጡና ፊቴ አስቀመጡ።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላሁ። ስጨርስ እንደ ልማዳችን እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ ምርቃት አደረስኩና ተመለስኩ። እስከ መንገዱ አልሸኙኝም።

ካራኮል እንደገባሁ ማክሳት ዘንድ ሄድኩ። ወንዙ ውስጥ ቢላዋ ያልነበረኝ እኔ ነኝ፣ በአፌ አለ ብዬ ኤጄን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩት። ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «ባይኬ፣ ያ ጉዞ እኮ ሂሳቡም ሪፖርቱም ተዘግቷል። ምን ይሁን ብለው ነው አሁን?» አለኝ። ከቢሮው ወጥቼ ወደ ፈረሶቹ ሄድኩ።

በዚያ ሳምንት ለሌሎቹ ፈረስ ነጂዎች በየተራ ነገርኳቸው። መቀለጃ አደረጉኝ፤ ኮርቻዬ ላይ ማንኪያ አስረው አገኘሁ፤ አንዱማ «ሳግን ባይኬ፣ ጥርስዎን ይዘዋል?» እያለ ወሩን ሙሉ አሰለቸኝ። ይቀልዱ። ወሬው ሸለቆው ድረስ ወርዶ አናርኩል ኤጄ ጆሮ ይግባ አይግባ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም እስካሁን ሄጄ አልጠየቅሁም።